ፓምፑ፣ ግድቡና ስደተኛው ሠራተኛ፦ የሴኔጋል ወንዝ ሸለቆ ተሞክሮ



በዚህ ንግግር ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ መሆናቸው አስቀድሞ ይታወቅ።

በ1977 በጃንዋሪ ወር 14 ሰዎች በምዕራብ ማሊ ከካይስ ከተማ ብዙም ሳይርቁ በሴኔጋል ወንዝ ዳር ሠፍረው ቁጥቋጦውን በእጅ መሣሪያ መመንጠር ጀመሩ። ሰዎቹ ከጎረቤት መንደር የመጡ ገበሬዎች አልነበሩም። የመጡት ከፓሪስ ነው። በፈረንሳይ አገር በፋብሪካና በሌላም የጉልበት ሥራ ተሰማርተው ዓመታት ያሳለፉ ምዕራብ አፍሪካውያን ነበሩ። የሳህል ድርቅ በ1973 ዘመዶቻቸውን ሲያራቁት፣ በየወሩ የሚልኩት ገንዘብ የአንድ ሰሞን እህል ከመሸመት አልፎ አንድን አገር ከረሃብ ሊያድን እንደማይችል ተገነዘቡ። ስለዚህም በ1976 ኦት ማርን በተባለው የፈረንሳይ አውራጃ ከገበሬዎች ዘንድ ገብተው እርሻ ተማሩ፤ በሚቀጥለው ዓመት መባቻም ወደ አህጉራቸው ተመልሰው አንድ የእርሻ የኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቋሙ። ስሙንም ሶማንኪዲ ኩራ አሉት። ሶማንኪዲ የጎረቤቱ መንደር ስም ሲሆን፣ «ኩራ» በባምባራ ቋንቋ «አዲስ» ማለት ነው። ከመሥራቾቹ አንዱ የሆኑት ፎቶግራፍ አንሺው ቡባ ቱሬ በ2022 እስካረፉበት ጊዜ ድረስ የማኅበሩን ታሪክ በሥዕል መዝግበው አቆይተውታል።

ፍልሰትና ልማት በዓለም አቀፍ ጉባኤዎች ላይ በተነሡ ቁጥር አንድ አባባል ደጋግሞ ይሰማል፤ ይኸውም «ልማት ሲስፋፋ ፍልሰት ይቆማል» የሚለው ነው። አባባሉ ለጆሮ የሚጥም ቢሆንም እውነትነቱ የሚመዘነው በወንዝ ዳር፣ በፓምፕ ቤትና በግድብ ላይ እንጂ በጉባኤ አዳራሽ አይደለም። የሴኔጋል ወንዝ ሸለቆ ለዚህ ምዘና የተመቸ ነው። በአንድ ሸለቆ ውስጥ የስደተኛ ሠራተኞች ማኅበራት፣ የጎረቤት መንግሥታት የጋራ ድርጅትና የሩቅ ለጋሽ አገሮች ከ50 ዓመት በላይ አብረው ሠርተዋል፤ አንዳንዴም ተጣልተዋል። የእያንዳንዳቸው ሥራ ምን እንዳፈራና የት ላይ እንደ ተሰናከለ ማየት፣ ውኃና ኤሌክትሪክ ለሚዘረጋ መሐንዲስ ብዙ የሚያስተምረው ነገር አለ።

ወንዙና የሰዎቹ ጉዞ

የሴኔጋል ወንዝ ዋናው ገባር ባፊንግ ይባላል። የሚነሣውም ከጊኒ የፉታ ጃሎን ተራሮች ነው። ባፊንግ በማሊ ውስጥ ባፉላቤ በተባለ ቦታ ከባኮይ ወንዝ ጋር ሲገናኝ የሴኔጋል ወንዝ ይሆናል። ከዚያ በካይስ በኩል አልፎ በሴኔጋልና በሞሪታንያ መካከል ድንበር እየሆነ ከሳን ሉዊ ከተማ አጠገብ ወደ አትላንቲክ ውቅያኖስ ይገባል። ዝናቡ የሚጥለው በወንዙ ራስጌ ነው፤ ወንዙ ወደ ግርጌ እየወረደ በሄደ ቁጥር ግን አገሩ እየደረቀ ይሄዳል። ስለዚህ የሸለቆው ገበሬ ከጥንት ጀምሮ የኖረው በሁለት እጆች ነው። በአንደኛው የዝናብ ማሽላና ዘንጋዳ ይዘራል፤ በሁለተኛው ደግሞ ጎርፉ ሞልቶ ሲሸሽ በረጠበው መሬት ላይ ዘር ይበትናል። በጣና ዳር ባሕር ሸሽ የሚባለውን መሬት የሚያውቅ ሰው ይህን ዓይነቱን እርሻ ለመረዳት አይቸገርም።

የሸለቆው ሰው፣ በተለይም የሶኒንኬ ሕዝብ፣ ከዚህ በተጨማሪ ሦስተኛ እጅ ነበረው፤ እርሱም ጉዞ ነው። ወጣቶች በቅኝ ግዛት ዘመን ወደ ሴኔጋልና ጋምቢያ የኦቾሎኒ እርሻዎች እየሄዱ ወቅቱን ሠርተው ይመለሱ ነበር። በመርከብ ላይ የተቀጠሩም ነበሩ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ ይልቁንም በ1960ዎቹ፣ ጉዞው ወደ ፈረንሳይ አቀና። በዚያን ጊዜ የነበረው ሥርዓት መተካካት ነበር። ታላቅ ወንድም ጥቂት ዓመታት ሠርቶ ሲመለስ ታናሹ በእርሱ ቦታ ይሄዳል። ቤተሰቡ በመንደር ይቀራል፤ ገንዘቡ ወደ መንደር ይመጣል፤ ሰውየውም ተከትሎ ይመጣል።

ይህ መተካካት የተቋረጠው በፈረንሳይ መንግሥት ውሳኔ ነው። በጁላይ 1974 የውጭ አገር ሠራተኞች አገባብ ታገደ። የእገዳው ዓላማ የስደተኞችን ቁጥር መቀነስ ነበር። ነገር ግን አንድ ጊዜ ከወጣ ተመልሶ መግባት እንደማይችል ያወቀ ሠራተኛ፣ ወደ አገሩ መመለሱን ትቶ በዚያው መቆየትን መረጠ፤ በኋላም ብዙዎች ሚስትና ልጆቻቸውን ወሰዱ። በሩ ሲዘጋ ሰው የሚቀረው ከውጭ ብቻ አይደለም፤ ከውስጥም ይቀራል። የሶማንኪዲ ኩራ መሥራቾች መመለስን የመረጡት ልክ በዚህ ዘመን መሆኑ ውሳኔያቸው ምን ያህል ከባድ እንደ ነበረ ያሳያል።

የፓምፑ ሒሳብ

ወደ ወንዙ ዳር የተመለሱት ሰዎች የገጠማቸው የመጀመሪያው ጥያቄ የቴክኒክ ጥያቄ ነበር። ወንዙ ከመሬቱ በታች ይፈሳል፤ በበጋ ደግሞ ይበልጥ ይወርዳል። ስለዚህ ውኃውን በሞተር ፓምፕ ማንሣት ያስፈልጋል። አንድ ሜትር ኩብ ውኃ 10 ሜትር ወደ ላይ ለማንሣት የሚያስፈልገው ጉልበት በንድፈ ሐሳብ 0.027 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ነው። የፓምፑና የቧንቧው ብቃት ግማሽ ብቻ ነው ቢባል ወደ 0.055 ከፍ ይላል። አንድ ሄክታር መሬት በአንድ የሰብል ወቅት 10,000 ሜትር ኩብ ውኃ ይፈልጋል ብሎ መነሣት ይቻላል፤ ሩዝ ከሆነ ከዚህም ይበልጣል። በዚህ ስሌት ለአንዱ ሄክታር 550 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይሆናል ማለት ነው። አንድ ሊትር ናፍጣ በሞተሩ ዘንግ ላይ 3 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚሰጥ ከሆነ፣ ለአንድ ሄክታር ለአንድ ወቅት 180 ሊትር ያህል ናፍጣ ይቃጠላል።

ይህ ቀላል ሒሳብ የሸለቆውን የ50 ዓመት ታሪክ በአጭሩ ይናገራል። ፓምፕ መግዛት አንድ ጊዜ የሚደረግ ነገር ነው፤ በስደተኞች መዋጮም በለጋሽ እርዳታም ይሟላል። ናፍጣው፣ ዘይቱ፣ ማጣሪያውና የመለዋወጫ ዕቃው ግን በየወቅቱ የሚመጣ ዕዳ ነው። ዕዳውን መክፈል የሚቻለው ማሳው ለገበያ የሚውል ምርት ሲሰጥ ብቻ ይሆናል። ሶማንኪዲ ኩራ ከ40 ዓመት በላይ ጸንቶ የኖረው ከቀለብ እህል ጎን እንደ ሙዝና አትክልት ያለ በካይስ ገበያ የሚሸጥ ምርት በማልማቱ፣ ደግሞም ውኃውን ያነሡትና ማሳውን ያረሱት የማኅበሩ አባላት ራሳቸው በመሆናቸው ነው። መሥራቾቹ ከፈረንሳይ ይዘውት የተመለሱት ትልቁ ነገር ገንዘብ ሳይሆን በማኅበር የመደራጀት ልምድ እንደ ነበር ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ከናፍጣ ጋር የተያያዘው አደጋ በቅርቡ በግልጥ ታይቷል። በጁላይ 2025 ታጣቂዎች በካይስ ከተማና በሌሎች የምዕራብ ማሊ ሥፍራዎች ላይ ጥቃት አደረሱ፤ በሴፕቴምበር ደግሞ ነዳጅ የጫኑ መኪናዎች ወደ ማሊ እንዳይገቡ መንገድ ዘጉ። ነዳጅ በመንገድ ላይ በሚቀርበት ጊዜ በናፍጣ የሚጠጣ ማሳ የሚጠብቀው ዕድል ምን እንደሆነ ለመሐንዲስ ማስረዳት አያሻም። ዛሬ ዋጋው በእጅጉ የቀነሰው የፀሐይ ኃይል ፓምፕ ለእንዲህ ዓይነቱ ሥፍራ ተገቢ የሚሆነው አየርን ስለማይበክል ብቻ አይደለም። ጉልበቱ ከሩቅ አገር በመንገድ ተጭኖ የማይመጣ መሆኑም ትልቅ ነገር ነው።

የውኃ ማማና የጎደለው ነርስ

ወደ አገር የተመለሱት ጥቂቶች ናቸው። በፈረንሳይ የቀሩት ብዙኃን ደግሞ መንደራቸውን በሌላ መንገድ አለሙ። በሠራተኞች መኖሪያ ቤቶች ውስጥ የአንድ መንደር ልጆች የጋራ ሣጥን ያቆሙ ነበር። ከዚያ የወጣው ገንዘብ በመጀመሪያ መስጊድ ሠራ፤ ቀጥሎ ክሊኒክ፣ ትምህርት ቤት፣ የውኃ ጉድጓድና የውኃ ማማ አቆመ። በፈረንሳይ በኦክቶበር 1981 የወጣው ሕግ የውጭ አገር ሰዎች ያለ ልዩ ፈቃድ ማኅበር እንዲያቋቁሙ ስለፈቀደ፣ እነዚህ የመንደር ሣጥኖች ሕጋዊ ማኅበራት ሆኑ፤ ቁጥራቸውም በፍጥነት ጨመረ። መንግሥት ባልደረሰበት የካይስ ገጠር ከሩቅ የሚታየው የውኃ ማማ ብዙውን ጊዜ የስደተኞች ላብ ነው።

ይሁን እንጂ በዚህ ሥራ ውስጥ አንድ ጉድለት ደጋግሞ ታየ። ክሊኒኩ ተሠርቶ ነርስ አልተመደበለትም፤ ትምህርት ቤቱ ተሠርቶ መምህር አልተላከለትም። ማማው ቆመ፤ ፓምፑ በተሰበረ ጊዜ ግን የሚጠግነው ባለሙያና የጥገና ገንዘብ አልነበረም። ምክንያቱ የስደተኞቹ ስንፍና አልነበረም። ማኅበራቱ ያዩት ግንቡን ነው፤ መንግሥት ደግሞ ግንቡን በዕቅዱ ውስጥ አላገኘውም። ሁለቱ የሚገናኙበት መድረክ አልነበረም። ማሊ በ1999 የአካባቢ ምርጫ አድርጋ በአገሪቱ ሁሉ የገጠርና የከተማ ቀበሌ መስተዳድሮች ካቋቋመች በኋላ ነው ስደተኛው፣ መንደሩና መንግሥት በአንድ ዕቅድ ላይ ፊርማቸውን ማኖር የቻሉት። ቀጥሎም በ2000 ፈረንሳይና ማሊ የጋራ ልማት ስምምነት አደረጉ፤ ስደተኞች ለሚያዋጡት ገንዘብም የመንግሥት ድጎማ ይጨመርበት ጀመር።

ይህ የሁለት መንግሥታት ትብብር መልካም ፍሬ ማፍራቱ የማይካድ ነው። ነገር ግን ከልማቱ ጋር ሌላ ዓላማ ተጣብቆበት ነበር። ፈረንሳይ በ2000ዎቹ መጨረሻ እርዳታውን ያለ ሕጋዊ ወረቀት የሚኖሩትን ማሊያውያን መልሶ ከመቀበል ግዴታ ጋር ባንድ ውል ልታስር ፈለገች፤ ማሊም ከረጅም ድርድር በኋላ ሳትፈርም ቀረች። ለማሊ መንግሥት ነገሩ ግልጥ ነበር። የካይስን ገጠር ቀጥ አድርጎ የያዘው ከውጭ የሚመጣው ገንዘብ በመሆኑ፣ ላኪዎቹን እንዲያስመልስ የሚጠይቀውን ውል መፈረም የራስን ምሰሶ እንደመንቀል ይቆጠር ነበር። ኋላም የፖለቲካው ነፋስ ሲለወጥ የሁለቱ አገሮች ትብብር ጨርሶ ተቋረጠ። በኖቬምበር 2022 ፈረንሳይ የልማት እርዳታዋን አቆመች፤ የማሊ መንግሥትም በፈረንሳይ ገንዘብ የሚንቀሳቀሱትን መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች ሥራ አገደ። በጅምር ላይ የነበረ የውኃ ሥራ ሁሉ ከዲፕሎማሲ ጠብ ጋር አብሮ የሚቆም ከሆነ፣ መሠረቱ ከመጀመሪያው ልኩን የሳተ ነበር ማለት ነው።

የጋራ ግድብ፣ የጋራ ባለቤትነት

ከመንደሩ ፓምፕ በላይ ያለው የትብብር ደረጃ ወንዙ ራሱ ነው። በ1972 ማሊ፣ ሞሪታንያና ሴኔጋል የሴኔጋል ወንዝ ልማት ድርጅትን አቋቋሙ፤ ጊኒም በ2006 ተጨመረች። ድርጅቱ ሁለት ታላላቅ ሥራዎችን አከናወነ። አንደኛው ከባሕሩ አጠገብ የሚገኘው የዲያማ ግድብ ነው። በበጋ የባሕር ጨው እስከ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ወንዙ ይገባ ስለነበር፣ ይህ ግድብ በ1986 ተጠናቆ ጨዉን አገደ። ሁለተኛው በማሊ ውስጥ በባፊንግ ላይ የተሠራውና በ1988 የተጠናቀቀው የማናንታሊ ግድብ ነው። ከፍታው 65 ሜትር ያህል ሲሆን 11 ቢሊዮን ሜትር ኩብ የሚያህል ውኃ ያጠራቅማል።

ለመሐንዲሶችም ለሕግ ሰዎችም የሚያስደንቀው ግን የባለቤትነቱ ሥርዓት ነው። በዲሴምበር 1978 የተፈረመው ውል፣ ግድቦቹ በማንም መሬት ላይ ይሠሩ የሦስቱ መንግሥታት የማይከፋፈል የጋራ ንብረት መሆናቸውን ደነገገ። ወጪውም እያንዳንዱ አገር ከመስኖው፣ ከኤሌክትሪኩና ከመርከብ ጉዞው በሚያገኘው ጥቅም መጠን ተከፈለ። የማናንታሊ የኤሌክትሪክ ኃይል 200 ሜጋ ዋት ሲሆን ከእርሱ 52 በመቶው ለማሊ፣ 33 በመቶው ለሴኔጋል፣ 15 በመቶው ለሞሪታንያ ይደርሳል። በዚሁ ሥርዓት በኋላ በካይስ አካባቢ የፌሉ 60 ሜጋ ዋትና በዲሴምበር 2022 የተመረቀው የጉይና 140 ሜጋ ዋት ጣቢያዎች ተጨምረዋል።

ይህ ሁሉ ሲባል የሥራው ጉድለት መሸፈን የለበትም። የማናንታሊ ግድብ ካለቀ በኋላ ኤሌክትሪኩ የመጣው ከ13 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። በመጣም ጊዜ ወደ ባማኮ፣ ወደ ዳካርና ወደ ኑዋክሾት ሲያልፍ፣ በመሥመሩ ሥር የሚገኙ ብዙ መንደሮች ለዓመታት በጨለማ ቀሩ። በመስኖ ይለማል ተብሎ የታቀደው 375,000 ሄክታር ነበር፤ የለማው ለረጅም ዘመን ከዚያ ከግማሽ በታች ሆኖ ቆየ። የወንዙ ጎርፍ ስለተገራ ውኃ ሸሽ እርሻው ተጎዳ፤ የዓሣው መራቢያና የከብቱ ግጦሽም እንዲሁ። በታችኛው ሸለቆ ጨው የሌለበትና የማይንቀሳቀስ ውኃ ሲበዛ ፊላና ሌላው የውኃ ሣር ቦዮቹን ሞላ። ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ተራቡ፤ በሪሻር ቶል ከተማም ከ1988 ጀምሮ በሽታው በብርቱ ተስፋፋ። ለገበሬው በየዓመቱ ከግድቡ ሰው ሠራሽ ጎርፍ መልቀቅ እንደሚያስፈልግ በግልጥ በወንዙ የውኃ ቻርተር ውስጥ የተጻፈው በ2002 ነው።

እዚህ ላይ የኢትዮጵያን ሁኔታ ማስታወስ ተገቢ ነው። የጊቤ 3 ግድብ በ2016 ሲመረቅ፣ በታችኛው ኦሞ በጎርፍ ዳርቻ የሚያርሰው ሕዝብ ጥያቄ ከሴኔጋል ሸለቆ ገበሬ ጥያቄ ጋር አንድ ዓይነት ነበር። ሜጋ ዋት የሚሰጠው ውኃና እርሻ የሚሰጠው ጎርፍ ከአንድ ወንዝ ይወጣሉ። አንደኛው ሲቆጠር ሁለተኛው ካልተቆጠረ፣ መሬቱ የከዳው ገበሬ የሚቀረው መንገድ መሄድ ብቻ ይሆናል። በዚህ አኳኋን ያልታሰበበት ልማት ፍልሰትን ከማስቆም ይልቅ ራሱ ያስነሣዋል።

የ1989 ፈተና

የዚህ እውነት መራራ ማስረጃ በ1989 ታየ። በአፕሪል ወር በወንዙ ዳር ዲያዋራ በተባለ ሥፍራ በገበሬዎችና በእረኞች መካከል የተነሣው ጠብ የሰው ሕይወት አጠፋ። ጠቡ ወደ ከተሞች ተዛመተ፤ በሁለቱም አገሮች ደም ፈሰሰ፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችም ወንዙን እያሻገሩ ከሞሪታንያ ወደ ሴኔጋል፣ ከሴኔጋልም ወደ ሞሪታንያ ተባረሩ። የጠቡ ሥር ብዙ ነው፤ የቆየ የዘርና የፖለቲካ ቅሬታ ነበረበት። ነገር ግን ግድቦቹ ሲጠናቀቁ የወንዝ ዳር መሬት ዋጋ በአንድ ጊዜ መናሩ፣ ደግሞም ሞሪታንያ በ1983 ያወጣችው የመሬት ሕግ የልማድ ባለይዞታዎችን መብት ማላላቱ በእሳቱ ላይ ነዳጅ ጨምሯል። ቦዩ የሚያልፍበትን መሬት ባለቤት ማን እንደሆነ ሳይወስኑ ቦይ መቅደድ ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ከዚህ ይማሯል።

ሴኔጋልና ሞሪታንያ የዲፕሎማሲ ግንኙነታቸውን አቋርጠው እስከ 1992 ቆዩ። የጋራው የወንዝ ድርጅት ግን አልፈረሰም። ድርጅቱ የጸናው መሪዎቹ ስለተዋደዱ አልነበረም፤ ግድቡን ከሦስት መክፈል የማይቻል ስለሆነና ብድሩን ሦስቱም በጋራ የፈረሙት ስለሆነ ነው። ከሞሪታንያ ተባርረው በሴኔጋል ከኖሩት ስደተኞች ከ24,000 የማያንሱት በተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን አጋዥነት ከ2008 እስከ 2012 ወደ አገራቸው ተመለሱ። ሃያ ዓመት የቆየ ስደት ማለት ነው። በሁለቱ ትብብሮች መካከል ያለው ልዩነት ጎልቶ ይታያል። በበጎ ፈቃድ ላይ የቆመው የፈረንሳይና የማሊ እርዳታ በአንድ ወር ውስጥ ሲቋረጥ፣ በጋራ ንብረት ላይ የቆመው የሦስቱ መንግሥታት ድርጅት ደም ከፈሰሰ በኋላም ሥራውን ቀጥሏል።

የማራካሽ ውልና የ8 ዶላር ነገር

በዲሴምበር 2018 በማራካሽ የተቀበሉትና ቀጥሎ በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ152 ድምፅ ድጋፍ፣ በ5 ተቃውሞና በ12 ድምፀ ተዓቅቦ የጸደቀው የፍልሰት ስምምነት 23 ዓላማዎች አሉት። ስምምነቱ ሕጋዊ ግዴታ የለበትም። ቢሆንም ሦስቱ ዓላማዎች የሴኔጋልን ሸለቆ በቀጥታ ይመለከታሉ። ሁለተኛው ሰው አገሩን ተገዶ እንዳይለቅ የሚያደርጉ ሁኔታዎች እንዲቃለሉ ይጠይቃል፤ 19ኛው ስደተኞች ለዘላቂ ልማት አስተዋፅኦ የሚያደርጉበት መንገድ እንዲመቻች ያዛል፤ 20ኛው ደግሞ ገንዘብ መላክ ፈጣንና ርካሽ እንዲሆን ይላል። የዘላቂ ልማት ግቦችም በ10ኛው ግብ ሥር የመላኪያው ዋጋ እስከ 2030 ከ3 በመቶ በታች እንዲወርድ ይጠይቃሉ። ወደ አፍሪካ ከሰሐራ በታች የሚላከው ገንዘብ ግን በአማካይ ከዚህ ከእጥፍ በላይ እየተከፈለበት ነው።

የዚህ ልዩነት ትርጉም በቁጥር ሲታይ እንዲህ ነው። 200 ዶላር ለመላክ 7 በመቶ የሚከፈል ከሆነ 14 ዶላር ይጠፋል፤ 3 በመቶ ቢሆን 6 ዶላር ብቻ ይሆናል። ልዩነቱ 8 ዶላር ነው። በየወሩ የሚልክ አንድ ሠራተኛ በዓመት 96 ዶላር ያድናል። የአንድ መንደር 300 ልጆች በውጭ አሉ ቢባል በዓመት 28,800 ዶላር ይሆናል። ማንም ለጋሽ ሳይለመን፣ ማንም ጉባኤ ሳይጠራ፣ ለአንድ መካከለኛ የመስኖ ማሳ የናፍጣና የጥገና ወጪ የሚሆን ገንዘብ ከመላኪያው ዋጋ ብቻ ይገኛል ማለት ነው። ይህ ስሌት ከዓረብ አገሮች፣ ከአሜሪካና ከአውሮፓ ወደ ኢትዮጵያ ለሚላከውም ገንዘብ እንደዚሁ የሚሠራ ነው።

የጉዞ ነፃነትም በዚሁ ሒሳብ ውስጥ ይገባል። ከማሊ የሚወጣው ሰው አብዛኛው ወደ አውሮፓ ሳይሆን ወደ አፍሪካ አገሮች፣ በተለይም ወደ ኮት ዲቯር ይሄዳል። ለዚህ ጉዞ ዋስትና የነበረው በሜይ 1979 የተፈረመው የምዕራብ አፍሪካ መንግሥታት የነፃ ዝውውር ፕሮቶኮል ነው። በጃንዋሪ 2025 ማሊ፣ ቡርኪና ፋሶና ኒጀር ከማኅበሩ ወጥተዋል። የ1974ቱ የፈረንሳይ እገዳ ያስተማረው ነገር እዚህም ላይ ሊዘነጋ አይገባውም፤ ሄዶ መመለስ የሚችል ሰው ይመለሳል፤ እንደገና መሄድ የማይችል ግን ባለበት ይቀራል።

ለሙያው የሚተርፈው

ከዚህ ሁሉ በኋላ መጀመሪያ ወደ ተነሣው አባባል መመለስ ይገባል። ልማት ፍልሰትን ያቆማልን? የካይስ አካባቢ ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክ፣ መስኖና ኤሌክትሪክ አግኝቷል፤ ልጆቹ ግን ዛሬም ይሄዳሉ። አንድ የመስኖ ሥራ የተሳካ መሆኑ ስንት ወጣት እንዳስቀረ እየተቆጠረ የሚለካ ከሆነ፣ የሸለቆው ሥራ ሁሉ እንደከሸፈ ይቆጠራል። ይህ ደግሞ እውነት አይደለም። ድሮ የሚሄደው የእህል ጎተራው ባዶ ስለሆነ ነበር። መስኖ ያለው ቤተሰብ ልጁን ሲልክ መርጦ ይልካል፤ ልጁም ቢመለስ የሚገባበት ማሳ አለው። ተገዶ መሄድና መርጦ መሄድ በቆጠራ ሰንጠረዥ ላይ አንድ ዓይነት ቢመስሉም በሰው ሕይወት ላይ የተራራቁ ናቸው። ትክክለኛው መለኪያ ይኸው ነው።

ስለዚህም ከሸለቆው ተሞክሮ አራት ነገሮች ለሙያው ይተርፋሉ። አንደኛ፣ ማንኛውም በስደተኛ ወይም በለጋሽ ገንዘብ የሚሠራ የውኃ ሥራ ከግንባታው ዋጋ ጎን የ10 ዓመት የማንቀሳቀሻና የጥገና ሒሳብ ካልተያዘለት ሥዕሉ መጽደቅ የለበትም። ሁለተኛ፣ ድንበር የሚሻገር ወንዝ ላይ የሚደረግ ትብብር ከመግለጫ ይልቅ በጋራ ንብረትና በተሰላ የጥቅም ድርሻ ላይ ቢቆም ይጸናል። በዓባይ ወንዝ ላይ የተፋሰሱ አገሮች የትብብር ማዕቀፍ ስምምነት በኦክቶበር 2024 ሥራ ላይ ውሏል፤ በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ጭምር ቦንድ ገዝተው ያሠሩት የሕዳሴ ግድብም በሴፕቴምበር 2025 ተመርቋል። የሴኔጋል ወንዝ አገሮች የ50 ዓመት ልምድ ስለዚህ ለኢትዮጵያ መሐንዲሶች የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። ሦስተኛ፣ ከግድቡ በታች የሚኖረው ሕዝብ፣ መሬቱና ጎርፉ እንደ ኮንክሪቱ ሁሉ በዲዛይኑ ውስጥ መቆጠር አለባቸው። አራተኛ፣ ስደተኛው በዕቅዱ ላይ የሚጠራው በመዋጮው ቀን ብቻ መሆን የለበትም፤ ቦታው ሲመረጥ፣ ቴክኒኩ ሲወሰንና ሒሳቡ ሲመረመርም በወንበሩ ሊገኝ ይገባል።

የሶማንኪዲ ኩራ 14 መሥራቾች በ1977 ወደ ወንዙ ዳር ሲደርሱ የማራካሽ ውል አልነበረም፤ የማናንታሊ ግድብም ገና በወረቀት ላይ ነበር። የነበራቸው በሰው አገር ያጠራቀሙት ልምድ፣ በኦት ማርን ማሳዎች የተማሩት እርሻና የእርስ በርስ መተማመን ነበር። መንግሥታትና ዓለም አቀፍ ድርጅቶች ከዚያ ወዲህ በሸለቆው የሠሩት ሥራ የሚመዘነው፣ እንደነዚህ ያሉ ሰዎች ውኃውን ወደ ማሳው በሚያነሡበት ጊዜ ሸክሙን ምን ያህል አቀለለላቸው በሚለው ነው።